አርባ ምንጭ ተቀምጦ ምንጭ የጠፋው

እናንተ፣ ይህን ሰው ስሙልኝማ! አዲስ ግራፊክስ ካርድ ሰካ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ወዲያው ፈረደ፦ «ካርዱ ፎርጅድ ነው!» ምን ዓይነት ዳኛ ነህ አንተ? ጨዋታው ሳይጀመር ቀይ ካርድ! ጋሞ አገር ተቀምጠህ፣ ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ አደባባይ ሽማግሌ የሁለቱንም ወገን ቃል ሳይሰማ እንደማይፈርድ እያወቅህ፣ ምስኪኑን ካርድ ሳትጠይቀው ከሲቀላ ሰፈር እስከ ሴቻ ስሙን አጠፋኸው።

እስቲ አንተን ልጠይቅህ። የሞኒተሩን ገመድ የት ሰካኸው? «እዚያው የድሮው ቦታ።» ተይዘሃል! አዲስ ካርድ ገዝቶ በድሮ ቀዳዳ! ከዩኤስቢዎቹ ጎን ያለው ኤችዲኤምአይ የማዘርቦርዱ ነው። የካርዱ ዝቅ ብሎ አግድም የተደረደረው ነው። ካርዱ ሥዕሉን ይዞ በር ላይ ቆሟል፣ አንተ ጓሮ ሆነህ «ቀረብኝ» ትላለህ።

«ገመዱን አስተካክያለሁ፤ ፋኑም ይዞራል፤ ስለዚህ ኃይል አለው።» አርባ ምንጭ ተወልደህ የኃይል ምንጩ ይጥፋህ? ካርዱ የሚሰካበት ስሎት የሚያቀብለው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ያንተ አርቲኤክስ 3060 የሚፈልገው 170 ነው። ኤንቪዲያ ራሱ ለዚህ ካርድ ባለ 550 ዋት ፓወር ሳፕላይ አዘጋጁ ይላል። አንተ ግን የሰካኸው ከቢሮ በወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ነው። ክዳኑን ክፈትና ፓወር ሳፕላዩ ላይ የተለጠፈውን አንብብ፤ 300 እንኳ ካልሞላ ምን ትጠብቃለህ? ሰው በወጥ፣ ካርድ በዋት ነው የሚኖረው ጌታው!

ይባስ ብሎ «ስምንት ፒን ገመድ ስለሌለው ከሃርድ ዲስኩ መስመር በአዳፕተር ቀጠልኩት» አይልም? ቀጠልኩት አትበል፣ አቃጠልኩት በል! ያ የሃርድ ዲስክ መስመር፣ ሳታ የሚሉት፣ የተሠራው ለ54 ዋት ነው፤ ስምንት ፒን እስከ 150 ይስባል። ፕላስቲኩ ቀልጦ ቤቱ ሲሸት «መብራት ኃይል ነው» እንዳትል።

ወደ ድራይቨሩ ልምጣ። የድሮው ካርድህ ኤኤምዲ ነበር፣ አዲሱ ኤንቪዲያ። የድሮውን ድራይቨር ሳትነቅል አዲሱን ጫንክበት። አንዲት ባጃጅ፣ ሁለት ሹፌር! ኢንተርኔቱን ዝጋ፣ ዊንዶውስ የራሱን ድራይቨር አግበስብሶ እንዳያስገባብህ። ሴፍ ሞድ ግባ። ዲዲዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የድሮውን ከሥሩ ንቀል። ከዚያ አስቀድመህ ያወረድከውን የኤንቪዲያ ድራይቨር ጫን። አለቀ።

«አሁን ስክሪኑ መጣ፣ ግን ፋኑ ቆመ፤ ሞቷል!» አርፏል፣ ግን ድንኳን አትትከል! የዛሬ ካርዶች ብዙዎቹ ሥራ ሲቀልላቸው ፋናቸውን ያቆማሉ። ጌም ወይም ከባድ ሥራ ክፈትበት፣ ሲሞቅ ራሱ ይነሳል። የሚያሳስበኝስ ሙቀቱ ነው። ጨንቻ ብትሆን ብርዱ ያግዝህ ነበር። ሲቀላ ቁጭ ብለህ ሳጥኑን ከግድግዳ አጣብቀህ፣ አቧራውን ሳትጠርግ፣ ላዩ ላይ ዳንቴል ደርበህበት «ጌሙ ይንቀራፈፋል» ትላለህ። ካርዱ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዳንቴሉን አንሳው እንጂ፣ ሙሽራ አይደለም!

አሁን ወደ ትልቁ ጉድ። «ፎርማት ይደረግ!» ስጠብቀው ነበር! ስክሪን ጠቆረ፣ ፎርማት። ድምፅ ጠፋ፣ ፎርማት። ማውዝ ተነቀለ፣ ፎርማት። ፎርማት ገመድ አይሰካም፣ ዋት አይጨምርም፣ አቧራ አይጠርግም። የሚጠርገው «ሥራልኝ» ብሎ ኮምፒውተሩን የሚሰጥህን ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ከተማህ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፍቶባት፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ስንቱን መሐንዲስ ያወጣባት ከተማ ናት። ከዚያ ግቢ ለመመረቅ አምስት ዓመት የለፋ ልጅ ሥራውን በአንድ ክሊክ ልታጠፋበት ነው? ያውም «አይዞህ» እያልክ! «አይዞህ» ውስጥ አዞ እንደተኛ የጫሞ ሐይቅ ዳር ሰው ሊነግሩት አይገባም።

ካርዱ ነፃ ይውጣ። ከብባችሁ የምትስቁትም ስሙኝ፤ ነገ ተራው የእናንተ ነው። ስክሪኑ ሲጠቁር መጀመሪያ አጥፉና ከሶኬት ንቀሉ። ካርዱን አውጥታችሁ «ቀጭ» እስኪል መልሳችሁ ስኩት። ገመዱን፣ ዋቱን፣ ድራይቨሩን በየተራ እዩ። የድሮ ካርዳችሁን አዲሱ እስኪረጋገጥ አትሽጡት፤ መሞከሪያ ይሆናችኋል። ፋይላችሁን በፍላሽ ሳትገለብጡ ኮምፒውተራችሁን ለማንም «አይዞህ» ባይ አትስጡ። ካርዱ በቂ ዋት ባለው በሌላ ሰው ኮምፒውተርም አልሠራ ካለ፣ ያኔ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ወደ ሻጩ ሂዱ።