ቤተሰብን በእንቅልፍ ሰዓት የማቃቃሪያ ዘዴ

ቤተሰቡን በእንቅልፍ ሰዓት ሊያቃቅር የተነሣ ወላጅ ሥራውን በስም ማውጣት ይጀምር፤ ማልዶ የሚነቃውን ልጅ ትጉህ፣ አምሽቶ የሚተኛውን ሰነፍ ይበለው። ስሙ እንዲጸና ግን በአንጎል ውስጥ፣ ከዓይን ነርቮች መገናኛ በላይ ያሉትና የመተኛና የመንቂያ ጊዜን የሚመሩት ጥቃቅን የሕዋሳት ስብስቦች፣ ማለትም የሰውነት ውስጣዊ ሰዓት፣ መኖራቸውን ፈጽሞ መርሳት አለበት፤ ይህ ሰዓት ከሰው ሰው የሚለያየው በከፊል በዘር ውርስ ስለሆነ፣ የሚቆጣው ራሱ ያወረሰውን ጠባይ ሊሆን ይችላልና።

ዘዴው ይበልጥ የሚሠምረው በጉርምስና ዕድሜ ነው። በዚህ ዕድሜ ሜላቶኒን፣ ማለትም ሌሊት መድረሱን ለሰውነት የሚያበሥረው ሆርሞን፣ ማታ ዘግይቶ መመንጨት ስለሚጀምር ልጁ ቶሎ ልተኛ ቢል እንኳ እንቅልፍ አይወስደውም፤ የምሽት ብርሃን ይህን ሰዓት ይበልጥ ስለሚያዘገየው፣ የንጋት ብርሃን ደግሞ ስለሚያስቀድመው፣ ወላጁ ማታ ሳሎኑን በመብራት ያጥለቅልቅ፣ ጠዋት መጋረጃውን ይዝጋ፣ ከዚያም ልጁን ገና ሳይነጋ በጩኸት ይቀስቅስ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ቲል ሮነበርግና ባልደረቦቹ «ማኅበራዊ ጄትላግ» ያሉት፣ የሰውነት ሰዓትና የትምህርት ቤት ወይም የሥራ ሰዓት አለመጣጣም የሚያደርሰው ድካም እየተጠራቀመ ልጁን ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ሲያስተኛው፣ ብርድ ልብሱን መግፈፍ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ትምህርቱን ማስተዋል እንደሚያቅተውና ስሜቱ እንደሚጎዳ እየታወቀ ይህ በብዙ ቤት የደግ አስተዳደግ ምልክት ሆኖ መቆየቱ እጅግ ያሳዝናል። በካሊፎርኒያ የሚኖር ወላጅ ከሆነ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውና በ2022 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ አብዛኞቹ የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ 2፡30 በፊት ትምህርት እንዳይጀምሩ በመደንገግ ለልጁ ያተረፈለትን የእንቅልፍ ጊዜ በማለዳ ጥናት ይንጠቀው።

ባልና ሚስትም የእንቅልፍ ጠባያቸው ከተለያየ፣ የቤት ኪራይንና የዘመድ ጉዳይን የሚነጋገሩበት ጊዜ አንዳቸውን እንቅልፍ የተጫነበት ሰዓት ይሁን።

የልጁ የማምሸት ዝንባሌ በ20 ዓመት ዕድሜ ገደማ ጣሪያው ላይ ደርሶ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ በራሱ ይቀንሳል፤ በዚያን ጊዜ ወላጁ ለውጡን የቁጣው ፍሬ አድርጎ ይቁጠርና ታናሽየው ለጉርምስና ሲደርስ ያንኑ ቁጣ እንደ አዲስ ይጀምርበት።