ለልጅ አስተዳደግ ሦስት ቄቦች

ልጅዎ ጫማውን ሳሎን ጥሎ፣ የጠጣበትን ብርጭቆ ሶፋው ላይ ትቶ የሚሄድ ከሆነ ተግሣጽዎን አያባክኑ። ግቢ ካለዎት ሦስት ቄቦች ይግዙ። ዶሮ ካልመገቧት ትራባለች፣ ካልዘጉባት አውሬ ይበላታል፤ ልጅ ይህን በዓይኑ ሲያይ ኃላፊነት ይገባዋል። ሐሳቡ እንደዚያ ነው።

የአንድ ቀን ጫጩት ግን አይግዙ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ትፈልጋለች፤ በአዲስ አበባ ክረምት መብራት ሲጠፋ በሌሊት ተነሥቶ ጫጩት በጋቢ የሚጠቀልለው ልጅዎ አይደለም። የ45 ቀኗ ትሻላለች። የፈንግል ክትባት መውሰዷን ይጠይቁ፤ ፈንግል አንዴ ከገባ መድኃኒት የለውም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይዘው የሚመጡ ጎረቤቶችን አመስግነው ይሸኙ።

ቀጥሎ ሥራ ያከፋፍሉ። እንቁላል ለመሰብሰብ ሁሉም እጁን ያወጣል፤ ቄቦቹ መጣል እስኪጀምሩ ገና ወራት እንደሚቀሩ ማንም አይጠይቅም። ውኃ ለመቀየር አንድ አመልካች ይገኛል፤ እሱም በሳምንቱ ይለቃል። ኩስ መጥረግ ክፍት የሥራ መደብ ሆኖ ይቀራል። መደቡን በጊዜያዊነት የሚሸፍኑት እርስዎ ነዎት፤ ጊዜያዊ የሚባለውም ልጁ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ነው።

ማታ በር መዝጋት ቀልድ አይደለም። ሸለምጥማጥ አንዷን ሊበላ ገብቶ ሁሉንም ጨርሶ ሊሄድ ይችላል። ልጅዎ «ዘግቻለሁ» ካለዎት አመስግነው ያስተኙት። ከዚያ ባትሪ ይዘው ይውጡና ይዝጉ።

ለእንቁላል ሲባል አውራ ዶሮ መግዛት አያስፈልግም። አውራው የሚያስፈልገው እንቁላሉ ጫጩት እንዲሆን ሲፈለግ ነው። ምክንያቱን ለስድስት ዓመት ልጅ የማስረዳቱን ኃላፊነት ለባለቤትዎ ይተዉ።

እንቁላል ሲመጣ ንግድም ይመጣል። ልጅዎ እንቁላሉን ለእናቱ በሱቅ ዋጋ ይሸጣል። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ከ100 ግራም በላይ መኖ ትበላለች፤ መኖውን የሚገዙት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ልጁ ያለ ወጪ እያተረፈ ነው። የኃላፊነት ትምህርት ባይሆንም፣ ብዙ ባለሀብት የተማረው ይህንኑ ስለሆነ አይከልክሉት።

ዋናው ፈተና ዐቢይ ጾም ነው። 55 ቀን ሙሉ አዋቂው እንቁላል አይነካም፤ ዶሮዎቹ ግን መጣል አያቆሙም፣ ልጆቹም ከእነሱ ጋር መወዳጀት አያቆሙም። ስም ይወጣላቸዋል። አንዷ ብርቱካን ትባላለች፤ ስሟ ሲጠራ እየሮጠች ትመጣለች። (ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው፤ ይህን ለልጅ መንገር ግን ጭካኔ ነው።) ከዚያ ቅዳሜ ሹር ይደርሳል። ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ እየተቁላላ ነው። በአገሩ ልማድ ዶሮ የሚያርደው ወንድ ስለሆነ፣ አባወራ ከሆኑ ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ ነው። ቢላዋ ይዘው ብቅ ሲሉ «ብርቱካንን 12 ቦታ ልትቆራርጣት ነው?» ይባላሉ። ስለ 12ቱ ብልት ወግ ለማስረዳት አይሞክሩ፤ ነገሩን ያባብሰዋል። ልጅዎ ወር ሙሉ ውኃ አልቀየረላትም፤ ዛሬ ግን ጠበቃዋ ነው። ክርክሩንም ይረታል።

ስለዚህ ቢላዋውን ይመልሱና ወደ ገበያ ይሂዱ፤ ሌላ ዶሮ ይግዙ። ስትመጣ በጓሮ በር ያስገቧት። ልጆቹ ቀድመው አይተው ስም ካወጡላት እሷም ቀረች፤ አሁን ጓሮዎ ውስጥ አራት ዶሮ አለ። ያኔ የሚቀረው ከሰፈር ሰው ጋር ቅርጫ መግባት ነው። ሥጋው በሳፋ ሆኖ ቤት ሲደርስ ልጆቹ ከበው «በሬው ማን ይባል ነበር?» ብለው ከጠየቁ፣ እኔ ስደርስ ታርዶ ነበር ይበሉ።