ምሕረት ለባለሙያ

የእንግሊዝን መንግሥት ጨካኝ ነበር እያላችሁ አትሙት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ 200 ለሚያህሉ ወንጀሎች ሞት የሚፈርድ ሕግ ነበረው፤ ሌቦቹን ሁሉ ሰቅሎ መገላገል እየቻለ ግን ከ700 የሚበልጡትን በራሱ ወጪ መርከብ አሳፍሮ እስከ አውስትራሊያ ሸኛቸው። የሰው አገር ላይ ወስዶ ማራገፉን ስርቆት የሚሉም አሉ። ተሳስተዋል፤ ስርቆት ማለት መሐረብ መስረቅ ነው።

መርከቦቹ ሲድኒ የደረሱት እ.ኤ.አ. በጥር 1788 ነው። ወር እንዳለፈ፣ ሰዉ ገና ድንኳን ውስጥ እያደረ፣ ቶማስ ባሬት የተባለ እስረኛ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ምግብ ሰርቀሃል ተብሎ ተሰቀለ። ቤት አልተሠራም፣ እህል አልበቀለም፣ ፍትሕ ግን ደርሷል! የጎደለው ሰቃይ ብቻ ነበር፤ በፈቃዱ ገመድ የሚስብ ሰው ጠፋ። ደግነቱ፣ ቀናት ሳይቆዩ ጄምስ ፍሪማን ዱቄት ሰርቆ ሞት ተፈረደበት። መሰቀያው ሥር ቆሞ ሳለ ከገዢው ከአርተር ፊሊፕ ምሕረት መጣለት፤ ከዛሬ ጀምሮ ሌሎቹን የምትሰቅል አንተ ነህ በሚል ቅድመ ሁኔታ። አንገቱን በሰው አንገት ለወጠ። እንዲህ ያለ ርኅራኄ የት ይገኛል?

በ1789 ደግሞ ግምጃ ቤቱን ከእስረኞች እንዲጠብቁ የመጡ ስድስት ወታደሮች ቁልፍ አስቀርጸው ሲዘርፉት ኖረው ተገኙና ተሰቀሉ። መንግሥት ትምህርት ወሰደ፤ በዚያው ዓመት የሌሊት ዘብ ሲያቋቁም ዘቦቹን ከእስረኞች መረጠ። ጨርቅ ሰርቆ የተጋዘው ሲሚዮን ሎርድም ነግዶ ከበረና በ1810 ዳኛ ሆኖ ተሾመ። ሀብት ንስሐን ያፋጥናል መሰለኝ።

የሁሉም አለቃ ግን ፍራንሲስ ግሪንዌይ ነው። ሰነድ በማጭበርበር ሞት ተፈርዶበት፣ ፍርዱ ወደ ግዞት ተቀይሮለት በ1814 ሲድኒ ገባ። ገዢው ላችላን ማኳሪ ከተማ መገንባት አምሯቸው ነበር፤ ግሪንዌይ ደግሞ አርክቴክት። የመርከብ መብራት ማማ ሠራላቸውና በ1817 ምሕረት አገኘ። ለመንገድ ድንጋይ የሚፈልጠው ጓደኛውም የተጸጸተ ይሆናል፤ ጸጸት ግን ፕላን አይነድፍም።

አውስትራሊያ በ1966 ዶላር ማተም ስትጀምር የአጭበርባሪውን ፊት በአሥር ዶላሩ ላይ አወጣችው። ያንን ብር አስመስሎ ያተመ ሰው ወኅኒ ይወርዳል፤ አርክቴክት ካልሆነ በቀር።