እንስራውን ማን ሰበረው?

ከዕለታት አንድ ቀን ንጉሥ አንበሳ ጠግቦ ከአደን ሲመለስ፣ ጅራቱን ሲያወናጭፍ ምንጩ ዳር የተቀመጠውን የመንደሩን እንስራ መታው። እንስራው ገል ሆነ። ውሃ ልትቀዳ የመጣችው አህይት ቆማ አየች።

በማግስቱ ችሎት ተቀመጠ። ጸሐፊዋ እመት ጦጣ መዝገቡን ገልጣ «እንስራው ተሰበረ» ብላ ጻፈች።

«እመት ጦጣ፣ እኔ ያየሁት እኮ ‹ሰበረ› ነው። ይቺ ‹ተ› ከየት መጣች?» አለች አህይት።

«‹ተ› በረኛ ናት። እሷ ግሱ ደጃፍ ላይ ስትቆም አድራጊው በጓሮ ይወጣል።»

ጦጣ አልዋሸችም። እንስራው በራሱ ቢሰነጠቅም፣ መቺ ቢመታውም አማርኛ ያው «ተሰበረ» ይላል።

ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶችም በችሎቱ ነበሩ። የስፔኗ በቅሎ «እኛ ‹ሴ ሜ ሮምፒዮ› እንላለን። ተሰበረብኝ እንደ ማለት ነው፤ ጉዳቱ የማን እንደሆነ ይነገራል፣ ጥፋቱ ግን በማንም አይላከክም» አለች። ይኼማ የእኛም ነው፤ ንጉሡ ወደደው። የጃፓኑ ዝንጀሮም «እኛ ዝናብ ሲመታን እንኳ ‹በዝናብ ተዘነብን› ብለን ተበዳዩን እናስቀድማለን» አለ። እሱም በሰላም አለፈ።

የባስክ አገር በግ ግን ጉሮሮውን ጠረገ። «በእኛ ቋንቋ አንበሳ ዝም ብሎ ሲመጣ ‹ሌሆያ› ነው። አንድ ነገር ሲሰብር ግን ‹ሌሆያክ› ይባላል። በሌላው ላይ አንዳች ያደረገ ሁሉ ‹ክ›ን ስሙ ጫፍ ላይ ተሸክሞ ይዞራል። ረዳት ግሱም አብሮ ይለወጣል፤ ዕቃው እንዲያው ሲሰበር ‹ዳ›፣ ሰባሪው ሲጠራ ‹ዱ›።»

ችሎቱ ጸጥ አለ። አያ ጅቦ በስሙ ጫፍ ላይ ‹ክ› እየጨመረ ሲሞክር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየ። በጉ «እርግጥ መሸሸግ የፈለገ እኛም ዘንድ በ‹ዳ› ይሸሸጋል» ሊል አፉን ቢከፍት ንጉሡ «ይበቃል!» አለ።

ጦጣ ብዕሯን አነሳች። ከ«ተሰበረ» በፊት ለአድራጊው የተተወ ክፍት ቦታ አለ፤ ‹በ› ከተጨመረበት ማንም ይገባበታል። «እንስራው በአህይት ተሰበረ» ብላ መዝገቡን ዘጋች።

አህይት አዲስ እንስራ እንድትገዛ ተፈረደባት። በጉም በዚያው ማታ ተበላ።