ጉልበቴን የመለሱልኝ የኡኬ ሰዎች

የ2005 ዓ.ም. መስከረም ሲጠባ የአገሩ ወሬ ሁሉ የለንደን ኦሊምፒክ ነበር። ጥሩነሽ ዲባባ በ10,000፣ መሠረት ደፋር በ5,000 ሜትር፣ ቲኪ ገላና በማራቶን ወርቅ ይዘው ተመልሰዋል። ቲኪ ማራቶኑን የጨረሰችበት 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሆኖ እስከ ፓሪሱ ውድድር ድረስ 12 ዓመት ሳይነካ ቆየ። እኔ ያኔ ከነቀምቴ ተመድቤ ኡኬ የገባሁ ወጣት መምህር ነበርኩ። ወሬው ደሜን አሞቀውና አዲሱን ዓመት ሰውነቴን የማጠነክርበት ዓመት አደርገዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ኡኬ ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ጠዋት ጠዋት ጋቢ የሚያስደርብ ነፋስ ያላት ከተማ ናት። ከዚያ እየወረዱ ወደ አንገር ሸለቆ ሲጠጉ አየሩ ይለወጣል፤ ማንጎው፣ በቆሎው፣ ሰሊጡ ይመጣል፤ ሙቀቱም አብሮ ይመጣል። በሙቀት ስንሮጥ ልባችን ሁለት ሥራ ይበዛበታል፤ ለጡንቻ ደም ያደርሳል፣ ገላችን እንዲቀዘቅዝም ወደ ቆዳችን ደም ይልካል። በነቀምቴ ዳገት ያለ ችግር የምሮጠው ሰው ኡኬ ሜዳ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ስለዚህ ሩጫዬን ፀሐይ ጥልቅ ስትል አደረግሁት።

የመጀመሪያው ምሽት እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከከተማው ጫፍ ተነሥቼ በእርሻው መሃል በሚያልፈው መንገድ መሮጥ እንደጀመርኩ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል ዱላ የያዙ ሁለት ወጣቶች፣ ጀሪካኗን መንገድ ዳር ያስቀመጠች ሴት፣ መቆፈሪያቸውን እንደያዙ የወጡ አንድ ሽማግሌ ይከተሉኛል። ቆምኩ። ሽማግሌው ደረታቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ “ልጄ፣ ማን ሞተ? ወይስ ቤት ተቃጠለ?” አሉኝ።

“ኧረ ማንም አልሞተም አባቴ፤ ለጤናዬ ነው የምሮጠው” አልኳቸው።

“ጤናህን ነሥቶህ ነው? ታዲያ ለምን ሰው አትጠራም?”

በገጠር ሰው ሲሮጥ አንድ ነገር ደርሷል ማለት ነው፤ ያየ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። እነዚያ ሰዎች አያውቁኝም፤ የማን ልጅ እንደሆንኩም አልጠየቁም። ችግር የደረሰበት ሰው ስለመሰልኳቸው ብቻ ዱላና መቆፈሪያ ይዘው ተከተሉኝ። በዚያ ዓመት ያየሁት ሁሉ ከዚህች ምሽት ጋር የተያያዘ ነው።

ጥቅምት በዚሁ የምሽት ሩጫ አለፈ። ፀሐይ የሸሸሁበት ምሽት ግን የወባ ትንኝም የምትወጣበት ሰዓት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ረግረጉና ኩሬው ትንኝ ይፈለፈልበታል፤ ቆላው ውስጥ ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። በኅዳር አንድ ሌሊት ብርድ ያዘኝ። ብርድ ልብስ ብደርብ፣ ጋቢ ብደርብ መንቀጥቀጡ አልቆም አለ፤ አልጋው ራሱ ይንጓጓ ነበር። ያከራዩኝ እናት፣ ሁሉም “አዴ” የሚሏቸው፣ ድምፁን ሰምተው መጡ። ግንባሬን በእጃቸው ጀርባ ነክተው ምንም ሳይናገሩ ወጡ፤ ሲመለሱ ሁለት የጎረቤት ልጆች አስከትለዋል። ሲነጋ በልጆቹ ትከሻ ተደግፌ ጤና ኬላ ደረስኩ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣቴን ወጋች፤ ጠብታዋን በትንሿ የመመርመሪያ ፕላስቲክ ላይ አደረገችና ሰዓቷን ታይ ጀመር። ቀዩ መስመር ወጣ። “ፋልሲፓረም ወባ ነው” አለችና ኮአርተም የሚባለውን መድኃኒት ሰጠችኝ፤ ጠዋት አራት ፍሬ፣ ማታ አራት ፍሬ፣ ለሦስት ቀን፤ ያውም በነጻ። “ባዶ ሆድህን እንዳትውጠው፤ ቅባት ካላገኘ መድኃኒቱ በደንብ አይሠራም” ብላ አስጠነቀቀችኝ። አዴ ይህን ሰምተው በየመዋጫው ሰዓት ወተት በኩባያ ይዘው ይመጡ ነበር፤ እስክውጥ ድረስም ከአጠገቤ አይነሡም።

ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ጉልበቴ ግን አብሮ ሄዷል። ወባ የሚራባው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ፣ ያንኑ ሕዋስ እያፈነዳ ነው። ኦክስጅን የሚሸከመው ይኸው ሕዋስ ስለሆነ፣ የጎደለው እስኪተካ ሳምንታት ይፈጃል። እኔ ደግሞ የአበበ ቢቂላ ታሪክ ልቤ ውስጥ አለ፤ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶን አሸነፈ። ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ፤ የመጀመሪያዋን ዳገት ሳልጨርስ ዓይኔ ጨለመብኝና አንድ ማንጎ ሥር ተቀመጥኩ።

አዴ እዚያው አገኙኝ፤ ወደ ገበያ እየሄዱ ነበር። “አሁን አትሮጥም፤ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ” አሉኝ። በኡኬ ሰውነቴን ያሠለጠነኝ ይህ ትእዛዝ ነው። በየገበያው ቀን ከእርሳቸውና ከጎረቤት ሴቶች ጋር መሄድ ጀመርኩ። እነሱ እህሉን ተሸክመው ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ እኔ ባዶ እጄን ትንፋሽ ያጥረኛል። ስዘገይ ያዘግማሉ እንጂ ጥለውኝ አይሄዱም። ቤት ስንመለስ አዴ አንጮቴ ከነልጣጩ ይቀቅላሉ፤ ልጠው፣ አድቅቀው፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ያሹታል። የወለጋ ሰው አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ የሚያበላው ሥር ነው፤ ካልሲየም እንደሚበዛበት ተመራማሪዎችም አረጋግጠዋል።

በዚያ ጉዞ ላይ ስለ አበበ ሌላውን ታሪክ አሰብኩ። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሩ አልታዘዘው ካለ በኋላ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በሁለት ኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ሰው አዲስ ስፖርት ከሥሩ ለመማር እሺ ማለቱ ከቶኪዮው ድል አያንስብኝም።

ማንጎው ሲበስል ጉልበቴ ተመለሰ። ሩጫዬን ወደ ንጋት አዛወርኩት፤ ተማሪዎቼም ተቀላቀሉኝ። ዱላ ይዘው የተከተሉኝ ወጣቶች አሁን ከፊት ከፊት ይሮጣሉ፤ መቆፈሪያ የያዙት ሽማግሌም ከእርሻቸው ቀና ብለው “አካም ቡልታኒ!” (እንዴት አደራችሁ!) ይሉናል። ዓመቱ ሲያልቅ ከነቀምቴ ይዤው ከመጣሁት የተሻለ ትንፋሽ ነበረኝ። ከትንፋሹ በላይ ግን ሰው ሲደግፈኝ መደገፍን፣ ሰው ሲያዘግምልኝ አብሮ መራመድን ለመድኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል፤ የገበያ መንገድ ብቻውን ይህን ሊሞላ ይችላል። አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ስፖርት ልጀምር የምትሉ ወዳጆቼ፣ አብሯችሁ የሚራመድ ሰው ፈልጉ። ቆላ የምትኖሩ ደግሞ አጎበር ውስጥ ተኙ፤ ትኩሳት ከተሰማችሁ 24 ሰዓት ሳይሞላ ተመርመሩ። ጎረቤታችሁ ሌሊት ሲንቀጠቀጥ ከሰማችሁም ተነሡና በሩን አንኳኩ።