በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ወለል የሚቀባ ሕዝብ

የባሕር ዳር ሰው ወለሉን የሚቀባው በነሐሴ ነው። ሌላ ወር ጠፍቶ መሰላችሁ? ታኅሣሥ አለ፣ ጥር አለ፣ ውሻ ሳይቀር ጥላ የሚፈልግበት መጋቢት አለ። የለም! እንቁጣጣሽ ደርሷልና በነሐሴ ይቀባል። ሰማዩ ከሰኔ ጀምሮ ሲያወርድ ከርሞ፣ መሬቱ ጠጥቶ ጠግቦ፣ ጣናም ዳሩን እየበላ በሚወጣበት ወር የእኛ ሰው ብሩሽ ይዞ ይንበረከካል።

ዘንድሮ ተራው የእኔ ቤት ሆነ። ልጆቼ መከሩ፤ የቤቱ ባለቤት ለስብሰባው አልተጠራም። ታላቂቱ አዲስ አበባ ተቀምጣ በስልክ ሊቀመንበር ሆነች። «አባባ፣ ያ ሊሾ እኮ ደብዝዟል፤ ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ሰው! ሰው እኔ ቤት የሚመጣው ዶሮ ሊበላ ነው እንጂ ወለል ሊመርቅ ነው?

ቀለም ቀቢ ተብሎ የመጣው ጎረምሳ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል። እርሳሱን ሲጠቀምበት ግን አላየሁም። «ልጄ፣ ወለሉ እርጥብ አይደለም ወይ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አባባ አያስቡ፤ ይሄ ቀለም አውሮፕላን ያሳርፋል» አለኝ። አውሮፕላን ይቅርና የባለቤቴን የከሰል ምድጃ መሸከም አቅቶታል፤ እሱን እደርስበታለሁ።

ነገሩን ላስረዳ፤ ቤቴ ውስጥ የሚሰማኝ ስለሌለ ለእናንተ ልንገር። ሲሚንቶ ድንጋይ ይምሰል እንጂ ውስጡ በዓይን በማይታይ ቀዳዳ የተሞላ ነው። ከሥሩ ያለውን እርጥበት ሽቅብ ይስባል። የእኔ ቤት በተሠራበት ዘመን ደግሞ ከሊሾው ሥር ላስቲክ የሚያነጥፍ ግንበኛ አልነበረም። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የሚወርድ ነው። ሐይቁ ከፍታው ጫፍ የሚደርሰው ደግሞ ዝናቡ ሲያበቃ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ከተሠራ በኋላም ጣና በክረምት መሙላቱን በበጋ መጉደሉን አልተወም። እኛ ታዲያ እንቁጣጣሽን በቀለም እንቀበላለን ስንል ውሃው ገና ወደ እኛ እየመጣ ነው። ባዶ ሊሾ እርጥበቱን ተንፍሶ ያወጣዋል። ቀለም ሲደፍንበት ግን መውጫ ያጣው እርጥበት ቀለሙን ከሥር ይገፋዋል፣ ያሳብጠዋል፣ በመጨረሻም እንደ ሽንኩርት ይልጠዋል።

ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም። ፌስታል ቆርጦ፣ ዳር ዳሩን በፕላስተር ወለሉ ላይ ለጥፎ አንድ ቀን ማሳደር ነው። ሲነሣ ከሥሩ ላብ ካለ ወይም ሊሾው ከጠቆረ ብሩሹን ወደ ቦታው መመለስ ነው። አዲስ ሊሾ ከሆነማ ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላው አይነካም፤ ትኩስ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ኖራ የዘይት ቀለምን ይበላዋል። ያረጀ ሊሾ ደግሞ ሲሠራ በብረት ታሽቶ ታሽቶ መስታወት የሆነ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ ቀለሙ ምኑን ይይዛል? የእኔ ጎረምሳ ፋቀ? መጥረጊያ አሳልፎበት፣ ወፍራም አድርጎ አንዴ ለቀለቀውና ገንዘቡን ተቀበለ። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም እንደሚሻል እንኳ የነገረው የለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ከሥር የቀበሩብኝ ሊሾ ነው። ቀዩ ቀለም ሲሚንቶው ሲቦካ አብሮ የተቦካ፣ ተላጥ ቢሉት የማይላጥ! ቅዳሜ ቅዳሜ ሰም ተቀብቶ በብርድ ልብስ ቁራጭ ሲወለወል ፊት ያሳይ ነበር። ቀይ ነበረ፤ አሁን ግራጫ ነው። እንደ መሥሪያ ቤት።

የመኝታ ቤቱ ጣውላማ ሌላ ጉድ ነው። ስንት ዘመን የጠጣውን ሰም ይዞ ነው የተቀባው፤ ሰም ላይ ደግሞ ምን ቀለም ይቆማል? በአኳራጅ ታጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቢሆን እሺ። በዚያ ላይ ጣውላ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። በነሐሴ አብጦ ተጠጋግቶ ሳለ ቀቡት። ጥር ላይ ሲኮማተር በየመጋጠሚያው ቀለም ያልነካው ነጭ መስመር ብቅ ማለቱ አይቀርም። ልጆቼ ደግሞ «አይጥ ይገባል» ብለው ከወለሉ በታች ያለውን የአየር መግቢያ ደፈኑት። ለምስጥ ከዚህ የበለጠ ምን ግብዣ አለ? ጨለማ፣ እርጥበት፣ እንጨት፤ ከላይ ደግሞ ጉዱን የሚሸፍን ቀለም።

አባቶቻችን ሐይቅ ዳር መኖር ያውቁ ነበር። ዘጌ ወርዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን እዩ፤ መቅደሱን የሞላው ሥዕል አብዛኛው ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ የተሣለ ነው። የሐይቅ ዳር ጭቃ የሚያመጣውን መዘዝ አውቀው ይሆን? እግር የሚረግጠውን ግን ማንም አልቀባውም። እናቴ ቤት ወለሉ በእበት ይለቀለቅ ነበር። እበቱ አቧራውን ይይዛል፣ ጭዱ ያያይዘዋል፣ እርጥበቱም በላዩ ተንኖ ይወጣል። ሲላላ እንደገና መለቅለቅ ነው፤ ቀለም ቀቢ አይጠራም። ይህን ስናገር ባለቤቴ ከማጀት ሰምታ፣ «አንቱ ለቅልቀው ያውቃሉ? በየሳምንቱ እበት ውስጥ የከረመው የማን እጅ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለ እበት ማውራቱን እዚህ ላይ አቆማለሁ።

በዓሉስ እንዴት ዋለ ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ቄጤማ ተከለከለ። «ወለሉን አረንጓዴ ያደርገዋል» ተባለ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ቄጤማ በእስር በእስር እየገዛ ሲጎዘጉዝ፣ እኛ የሐይቁ ባለቤቶች ባዶ ወለል ላይ እንቁጣጣሽ ዋልን! እንግዳ በመጣ ቁጥር ጫማ ማውለቅ ሆነ፤ አማቼ በካልሲ ገብቶ ከበሩ እስከ ሶፋው ሳይራመድ ደረሰ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሶፋው ያዘው። ቡና ሲፈላ ደግሞ ያ አውሮፕላን ያሳርፋል የተባለው ቀለም ከምድጃው ሥር ተንጨረጨረና የዕጣኑን ሽታ ዋጠው። ዛሬም ክብ ጠባሳው አለ፤ ልጄ ምንጣፍ ገዝታ ሸፈነችው። ለመሸፈን ከሆነ ለምን ተቀባ ብዬ ብጠይቅ፣ «አባባ ደግሞ!» ተባልሁ።

ለመስቀል ወለሉ አረፋ አወጣ። በጥቅምት ልጣጩን በመጥረጊያ እያፈስን እንጥል ጀመር። ጎረምሳው ስልኩን አያነሣም። ልጆቼ ግን ተስፋ አይቆርጡም፤ አሁን ደግሞ ኢፖክሲ የሚባል አገኘን ይላሉ። ኢፖክሲ ደግ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ አይቼዋለሁ። እሱም ቢሆን ከሥሩ ውሃ ካለ ይነሣል፤ የሚለየው ዋጋው ብቻ ነው።

መቀባት የግድ ነው የምትሉ የጣና ዳር ሰዎች፣ እስከ ጥር ቆዩና ፌስታሉን መጀመሪያ ለጥፉ። ቀይ ሊሾ ያላችሁ ደግሞ በጊዮርጊስ፣ ሰም ግዙለት እንጂ አትንኩት። ወደ እኔ ቤት የምትመጡም ጫማችሁን እንዳታወልቁ፤ ልጆቼ ሳያዩም ቄጤማ ይዛችሁልኝ ኑ።