ቆጡ ላይ ማን አለ?

ቴክሳስ፣ ኧርቪንግ ውስጥ «ኢንጂነሩ» የምንለው ወዳጅ አለን። የተማረው ሒሳብ አያያዝ ነው፤ ኢንጂነርነቱን የሾምነው እኛ ነን። ቀን ቀን ከኤርፖርት ተሳፋሪ ያመላልሳል፤ ወረፋ ሲጠብቅ ቪዲዮ ያያል፤ ማታ ያየውን ሁሉ ለእኛ ይልካል። የሚልከው ደግሞ ዘፈን ወይም ስብከት አይደለም። ዙሪያውን ማግኔት የተደረደረበት ጎማ ነው። አንድ እጅ መጥቶ በጣቱ ገፋ ያደርገዋል፤ ከዚያ ጎማው ያለ ነዳጅ፣ ያለ ባትሪ፣ ያለ ሶኬት ይሽከረከራል፤ አጠገቡ ያለው አምፖል ቦግ ይላል።

«አየህ?» ይለኛል።

አያለሁ። እኔ የማየው ግን ጎማውን ሳይሆን ጠረጴዛውን ነው። ምንጊዜም ጨርቅ ለብሷል፤ ጨርቁም እስከ ወለሉ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ተአምር የሚቀርጸው ካሜራ አንድም ቀን ጎንበስ ብሎ ከሥር አያይም።

ጨርቅ መጠርጠር የጀመርኩት የቻርልስ ሬድሄፈርን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ነው። ሰውየው በ1812 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ፊላደልፊያ ውስጥ አንዴ ከተነሣ የማይቆም ማሽን ሠራሁ አለ። ሕዝቡ እየከፈለ ገብቶ ተመለከተ። ሬድሄፈር ጠገብኩ ሳይል ከዚህ ለሚበልጥ ማሽን መሥሪያ ብሎ የከተማውን አስተዳደር ገንዘብ ጠየቀ። ከተማውም መርማሪዎች ላከ። ሲደርሱ በሩ ተቆልፏል፤ ማሽኑ ስስ ስለሆነ በመስኮት ብቻ እዩት ተባሉ። ከአንዱ መርማሪ ጋር ግን ልጁ አብሮ መጥቶ ነበር፤ እሱ በመስኮቱ አንድ ነገር አየ። ማሽኑን ከሌላ ዕቃ ጋር የሚያገናኘው ማርሽ ጥርሱ የተበላው በተቃራኒው ጎን ነው! ማሽኑ ሌላውን ዕቃ ይነዳል ሲባል፣ ለካ ዕቃው ነው ማሽኑን የሚነዳው።

ፊላደልፊያ ነቃ። ሬድሄፈር ግን ማሽኑን ይዞ ኒው ዮርክ ገባ። እዚያ ከተመልካቾቹ መካከል በእንፋሎት መርከብ የታወቀው ሮበርት ፉልተን ነበረበት። ፉልተን ዐይኑን ትቶ ጆሮውን ሰጠ። የማሽኑ ድምፅ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ይላል፤ ይህ ደግሞ በእጅ የሚዞር ነገር ጠባይ ነው። ከማሽኑ አጠገብ ያለውን ጣውላ ገነጠለው። ከአንጀት የተገመደ ቀጭን ጠፍር ብቅ አለ። ጠፍሩን ተከትሎ ግድግዳውን አለፈ፤ ከኋላ በኩል ወዳለው ቆጥ ወጣ። ቆጡ ላይ አንድ ጢማም ሽማግሌ ተቀምጦ በአንድ እጁ እጀታ ያዞራል፤ በሌላው ደረቅ ዳቦ ይዞ ይግጣል።

የማሽኑ ነዳጅ ተገኘ። ዳቦ!

ተመልካቹ ማሽኑን ሰባበረው፤ ሬድሄፈርም እግሬ አውጪኝ አለ። እኔን የሚያሳዝነኝ ሽማግሌው ነው። ያ ሁሉ የመግቢያ ገንዘብ ተሰብስቦ ቅቤ እንኳ አልቀቡለትም።

ለኢንጂነሩ ይህን ስነግረው «እሱ የድሮ ነው» ብሎ ወደ ውኃው መኪና ዞረ። የኦሃዮው ስታንሊ ማየር ነዋ፤ በውኃ የሚሄድ መኪና ሠርቻለሁ ያለው። ገንዘባቸውን የሰጡት ሁለት ሰዎች ከስሰውት በ1996 ፍርድ ቤቱ ሥራውን ማጭበርበር ብሎ 25,000 ዶላር እንዲመልስ አዘዘው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው፤ እነሱስ እንኳ የብብታቸውን በፍርድ ቤት አስመለሱ። ማየር በ1998 ምግብ ቤት ውስጥ በድንገት ታሞ ሞተ። መርማሪው ሐኪም የአንጎል ደም ሥር ሕመም ነው አለ፤ ኢንጂነሩ ግን «አስበሉት» ይላል።

ችግሩ ውኃ ማለት ቀድሞውኑ የተቃጠለ ሃይድሮጂን መሆኑ ነው። ለያይቶ እንደገና ለማቃጠል የሚወጣው ኃይል ከሚገኘው አያንስም፤ እንደውም ሁሌም ይበልጣል።

«ታዲያ ዓባይስ? ግድቡ በውኃ አይደል እንዴ መብራት የሚሰጠው?» አለኝ አንድ ቀን፣ አሁን ያዝኩህ በሚል ፊት።

ጥያቄው መልካም ነው። ግድቡ ጋ ግን ውኃው አይቃጠልም፤ ይወድቃል። ለመውደቅ ደግሞ አስቀድሞ ከፍታ ላይ መውጣት አለበት። ከባሕር አትንና፣ ደመና አድርጋ፣ የጎጃምና የጎንደር ተራራ ላይ የምታወጣው ፀሐይ ናት። እዚያም ቢሆን ቆጡ ላይ የሚያዞር አለ፤ ዳቦ አለመጠየቋ ብቻ ነው።

የሚገርመኝ ይኸው ሰው የዕቁባችን ዳኛ መሆኑ ነው። አሥር ሰው አምስት አምስት መቶ ዶላር ሲያዋጣ አምስት ሺህ ዶላሩን ሦስት ጊዜ ይቆጥራል፤ ሃያ ዶላር ጎድሎ ቢገኝ ቡናው ይቀዘቅዛል እንጂ ማንም ከቤት አይወጣም። አንዳችን ተነሥተን «አምስት ሺህ አዋጥተን ስድስት ሺህ እናውጣ» ብንል ከዕቁቡ ያስወጣናል። ማግኔት ሲሆን ግን ትርፉ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ እንኳ ለሌላው ፈጠራ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ይበቃዋል፤ በራሱ ለዘላለም ይዞራል ለሚባል ማሽን ግን የሚሠራውን አምጡና አሳዩኝ ማለት ይችላል። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚማ በ1775 ጭራሽ አላይም ብሎ በሩን ዘጋ።

«ፈርተው ነው» ይላል ኢንጂነሩ። ማንን እንደሚፈሩም ያውቃል፤ የነዳጅ ኩባንያዎችን።

ይህን ክርክር ኧርቪንግ ላይ መከራከር ችግር አለው። የኤክሶንሞቢል ዋና መሥሪያ ቤት ለሠላሳ ዓመት ያህል እዚሁ ላስ ኮሊናስ ነበርና ተጠርጣሪው ጎረቤት ነው። በዚያ በኩል ባለፍን ቁጥር ኢንጂነሩ መኪናውን ቀዝቀዝ ያደርግና ወደ ዛፎቹ ያያል። የውኃው መኪናም፣ የማግኔቱም ጎማ እዚያ ምድር ቤት ተቆልፎባቸዋል።

እኔ ደግሞ የማውቀውን ነገርኩት። ስታንሊ ዊቲንግሃም የሚባለው ኬሚስት በ1970ዎቹ ኤክሶን ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ የሊቲየም ባትሪን መሠረት ጣለ። ኩባንያው ኋላ ሥራውን ቢተወውም፣ ግኝቱ በ1976 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጥቶ ዓለም አንብቦታል፤ ሰውየውም በ2019 ከሁለት ሌሎች ጋር ኖቤል ተሸልሟል። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ የቤንዚን መኪና ማስገባት ከልክላ፣ ዛሬ አዲስ አበባ የሚርመሰመሱት የኤሌክትሪክ መኪኖች የዚያ ሥራ የልጅ ልጆች ናቸው። ለመደበቅ የሚመች ነገር ከነበራቸው ያ ነበር፤ እሱንም አሳተሙት። ባትሪውም ቢሆን ማታ ካልሰኩት ጠዋት አይነሣም።

ዝም አለኝ። አሸነፍኩ ብዬ አንድ ጨመርኩ። «ደግሞስ ያን ያህል ምሥጢር እዚህ ከቆለፉ፣ በ2023 ምን አስነሥቶ ሂውስተን አወረዳቸው?»

መሪውን እንደያዘ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር መለሰልኝ።

«ምድር ቤቱ ሞልቶባቸው ነዋ!»